ስምንት ምሽት በከዚራ፦ ስለ አስተሳሰብ፣ ስለ ችግር አፈታትና ስለ ቋንቋ የተሰጠ ሥልጠና ሲገመገም

በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ከሁሉም ይልቅ ያደከመኝ የሚከተለው ዓይነት ጥያቄ ነው፦ «ጫልቱ 40 ብር አላት፤ ይህም ፋጡማ ካላት በ15 ብር ያንሳል። ፋጡማ ስንት ብር አላት?» መልሱ 55 ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ያለ ምንም ማመንታት 25 ብለው ይመልሳሉ። በመካከላቸው መደመርና መቀነስ የማያውቅ አንድም ልጅ የለም፤ ቁጥሮቹን ብቻ ሰሌዳው ላይ ብጽፍላቸው ብዕር ሳያነሡ ይሠሯቸዋል። ችግሩ ከስሌቱ በፊት የሆነ ቦታ እንዳለ ከገባኝ ብዙ ጊዜ ቢሆነኝም ቦታውን በስሙ ልጠራው አልቻልኩም ነበር። ስለዚህ በከተማችን ከዚራ ሰፈር ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሥልጠና ማዕከል በር ላይ «የሰው ልጅ አስተሳሰብ፣ ችግር አፈታትና ቋንቋ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ሳይ፣ ከወር ደመወዜ ላይ 2,800 ብር አንሥቼ ተመዘገብኩ። የማዕከሉን ስም ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተውኩት ከማነሣቸው ጉድለቶች ከፊሎቹ የዚህ ቤት ብቻ ሳይሆኑ በየሥልጠናው የሚደጋገሙ በመሆናቸው ነው።

ሥልጠናው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይሰጥ ነበር። ሰዓቱ በማስተዋል የተመረጠ ነው፤ በዚህ ከተማ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ሙቀት ስለ አስተሳሰብ ማሰብ የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። አዳራሹ ፎቅ ላይ ሆኖ ሁለት የጣሪያ ማራገቢያዎች ቢኖሩትም አንደኛው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን አልዞረም። ዐሥራ ዘጠኝ ሆነን ጀምረን ዐሥራ አራት ሆነን ጨርሰናል፤ ከመካከላችን ነርሶች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ሁለት የመጋላ ገበያ ነጋዴዎች፣ አንድ የጋራዥ ባለሙያና እንደ እኔ ያሉ መምህራን ነበሩ። አሠልጣኙ ረጋ ያሉ፣ ጥያቄ የማይሰለቻቸው፣ ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የያዙት ማስረጃ ከሚችለው በላይ ጭነው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ይህን የምለው እሳቸውን ለማሳነስ አይደለም፤ የሥልጠናው ብርታትም ድካምም ከዚሁ ጠባያቸው የመነጨ ስለመሰለኝ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ከሁሉም የላቀ ነበር። አሠልጣኙ ያለ ምንም መግቢያ ሦስት ጀሪካን የሚያሳይ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሣሉና አንዱ 21፣ ሌላው 127፣ ሦስተኛው 3 ሊትር እንደሚይዝ ነግረውን በእነዚህ ብቻ 100 ሊትር ውኃ እንድንለካ ጠየቁን። ትልቁን ሞልቶ ከእሱ ላይ አንድ ጊዜ በመካከለኛው፣ ሁለት ጊዜ በትንሹ መቀነስ መልሱን ይሰጣል። ቁጥሮቹን እየቀያየሩ በዚያው መንገድ የሚፈቱ ሌሎች አራት ጥያቄዎች አከታተሉብን፤ ሁላችንም ፈጠን ፈጠን እያልን ሠራናቸው። ከዚያም 23፣ 49 እና 3 ሊትር የሚይዙ ጀሪካኖች ሰጥተው 20 ሊትር እንድንለካ ጠየቁን። እኔም እንደተለመደው 49 ላይ 23 ቀንሼ፣ ከቀረው ላይ ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት አንሥቼ 20 ብዬ ጻፍኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ነርስ ወረቀቴን አየችና «መምህር፣ ሃያ ሦስቱን ሞልተው ሦስት ቢቀንሱ አይበቃም?» አለችኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚሰማው አንባቢ ይገምት።

ይህ ሙከራ አብርሃም ሉቺንስ የተባለ ተመራማሪ በ1942 (ይህና ሌሎቹ የምርምር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው ነው። የሉቺንስ ግኝት በቀላል አነጋገር ሲቀመጥ፣ አንድ ስልት ደጋግሞ ሲሠራልን አእምሯችን ጥያቄውን ማየቱን ትቶ ስልቱን ብቻ ይፈልጋል የሚል ነው። ከዚያም የባሰው ነገር የለመዱት ስልት ጭራሹን የማይሠራበት ጥያቄ ሲመጣ የሚሆነው ነው፤ 28፣ 76 እና 3 ይዞ 25 ለመለካት 28 ላይ 3 መቀነስ ብቻ በቂ ሆኖ ሳለ፣ በልምድ የታሠሩት ብዙዎቹ መፍትሔ የለውም ብለው ይተዉታል። ሉቺንስ አንዳንዶቹን ተሳታፊዎች «አትታወር» ብለው ወረቀታቸው ላይ እንዲጽፉ አድርጎ ነበር፤ ይህ ከፊሎቹን ቢረዳም ሁሉንም ከልምድ እስራት አላወጣም። እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ ያሰብኩት ስለ ተማሪዎቼ ሳይሆን ስለ ራሴ የቤት ሥራ አሰጣጥ ነበር። አንድ ምዕራፍ ካስተማርኩ በኋላ በዚያው መንገድ የሚፈቱ ሃያ ጥያቄዎች ደርድሬ የምሰጥ እኔ ነኝ፤ ልጆቹ በሃያ አንደኛው ጥያቄ ላይ ቢታወሩ ዓይናቸውን የሸፈነው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ምሽት የካርል ዱንከር የሻማ ጥያቄ ነበር። አሠልጣኙ ሻማ፣ ክብሪትና አጫጭር ሚስማሮች የሞሉበት ትንሽ የካርቶን ሳጥን ለየቡድኑ አድለው፣ ሰሙ ወለሉ ላይ ሳይንጠባጠብ ሻማውን ግድግዳው ላይ አቁመን እንድናበራ አዘዙን። ከፊሉ ሻማውን በሚስማር ሊወጋ ሞከረ፤ ከፊሉ ጎኑን አቅልጦ ሊያጣብቅ ታገለ። መፍትሔው ሚስማሮቹን ከሳጥኑ ገልብጦ ሳጥኑን ግድግዳው ላይ መምታትና ሻማውን እላዩ ላይ ማቆም ነው። ዱንከር ያስተዋለው ሳጥኑ ባዶውን ቀርቦ ሚስማሮቹ ለብቻቸው ሲቀመጡ መፍትሔውን የሚያገኙት ሰዎች እንደሚበዙ ነው፤ ሳጥኑ ዕቃ ይዞ ሲታይ ግን «መያዣ» ከመሆን በቀር ሌላ ነገር መሆኑ አይታየንም። አሠልጣኙ ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ የእንግሊዝኛውን ስም በግዕዝ ፊደል ከመገልበጥ ይልቅ «በለመደው ሥራ የታሠረ ዕቃ» ብለው ሰየሙት፤ ይህን ስያሜ ወድጄዋለሁ። ከሁላችንም ቀድሞ የፈታው የጋራዡ ባለሙያ ሲሆን፣ እንዴት እንደታየው ሲጠየቅ «አቦ፣ እኛ ጋ ዕቃ ስም የለውም፤ የሚሆነውን ይሆናል» ብሎ መለሰ። በዚያ ምሽት መብራት ስለጠፋ ሻማዎቹ ከሙከራው በኋላ ለትምህርቱም አገልግለዋል።

ሦስተኛው ምሽት ስለ ምስያ ነበር፤ ማለትም በአንድ ጉዳይ ያገኘነውን መፍትሔ መልኩ ለማይመሳሰል ሌላ ጉዳይ ስለ ማዋል። ጥያቄው ራሱ የዱንከር ነው። በሆዱ ውስጥ ዕጢ ያለበት ሰው አለ፤ ዕጢውን ሊያጠፋ የሚችል ጨረር ቢኖርም ጨረሩ በዚያ ኃይሉ ከተለቀቀ በመንገዱ ያለውን ጤነኛ አካል ጭምር ያቃጥላል፤ ኃይሉ ከተቀነሰ ደግሞ ዕጢውን አይነካም። መልሱ ደካማ ጨረሮችን ከየአቅጣጫው ልኮ ዕጢው ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ነው። በ1980 ሜሪ ጊክና ኪት ሆልዮክ ለተሳታፊዎቻቸው አስቀድመው፣ ሠራዊቱን ከፋፍሎ በብዙ መንገድ ምሽግ ስለ ያዘ የጦር አዛዥ የሚናገር ታሪክ አስነበቡ። ታሪኩን ሳያነቡ ጥያቄው የቀረበላቸው ሰዎች ከዐሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ሲፈቱት፣ ታሪኩን አንብበው «ይጠቅማችኋል» የተባሉት ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል ፈትተውታል። ልብ የሚያስብለው፣ ታሪኩን አንብበው ይጠቅማችኋል ያልተባሉት አብዛኞቹ ሊጠቀሙበት አለመቻላቸው ነው። መፍትሔው በእጃቸው እያለ የሚፈልጉት ነገር እሱ መሆኑን አላወቁም።

አሠልጣኙ የጦር አዛዡን ታሪክ በሐረር ጁገል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ለውጠው ማቅረባቸው ብልህነት ነበር። አንድ ትልቅ የሠርግ አጀብ በአንድ በር ሊገባ ቢሞክር ጠባቧ መንገድ ትዘጋለች፤ በአምስቱ ጥንታዊ በሮች ተከፋፍሎ ቢገባ ግን መሐል ባለው ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ያለ ችግር ይገናኛል። ይህን ከዕጢው ጥያቄ በፊት እንደዋዛ ነግረውን አለፉ። ከዐሥራ ዘጠኛችን ሦስታችን ብቻ ግንኙነቱን አየን፤ «የጁገልን በሮች አስታውሱ» ሲሉ ግን አዳራሹ በአንድ አፍ «አሃ!» አለ። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። እሳቸው ከዚህ የወሰዱት ትምህርት «ብዙ ምሳሌ እወቁ» የሚል ነው። ማስረጃው የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ምሳሌ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፣ ምሳሌው የሚያስፈልግበትን ቦታ መለየት ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የጋራ አጥንታቸውን ማውጣት የተሻለ መንገድ መሆኑን እነዚያው ተመራማሪዎች በኋላ ባወጡት ሥራ አሳይተዋል። ይህ ለመምህር ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚው ነጥብ ሆኖ ሳለ ሳይነገረን ቀርቷል።

አራተኛው ምሽት ስለ ማኅደረ ትውስታ ነበር። ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለውን የነገሮች ብዛት ጆርጅ ሚለር በ1956 «ሰባት፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ ሁለት» ብሎ ያስቀመጠበት ቁጥር ተነገረን፤ ኋላ ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ አራት ያህል ዝቅ እንዳደረጉት ግን አልተነሣም። የስልክ ቁጥር በቡድን በቡድን ከፍሎ ስለ መያዝ ተለማመድን። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ በግማሽ ሰዓት ሊያልቅ የሚችል ምሽት ነበር።

አምስተኛው ምሽት ግን ሁሉንም አስነሥቶ አከራክሯል። ፒተር ዌሰን በ1966 ባቀረበው የካርታ ጥያቄ አራት ካርታዎች ይቀርባሉ፤ በእያንዳንዱ ካርታ አንድ ገጽ ላይ የላቲን ፊደል፣ በሌላው ገጽ ላይ ቁጥር አለ፤ ለእኛ የሚታዩት ገጾች አንድ አናባቢ (እንደ A ያለ)፣ አንድ ተነባቢ፣ አንድ ተጋማሽና አንድ ጎዶሎ ቁጥር ናቸው፤ ሕጉም «በአንደኛው ገጽ አናባቢ ካለ በሌላው ገጽ ተጋማሽ ቁጥር ይኖራል» የሚል ነው። ሕጉ መጠበቁን ለማረጋገጥ የትኞቹን ካርታዎች እንደምንገለብጥ ስንጠየቅ፣ እንደ አብዛኛው ሰው ሁሉ አናባቢውንና ተጋማሹን መረጥን፤ ትክክለኛው መልስ ግን አናባቢውና ጎዶሎው ቁጥር ነው። በትክክል የሚመልሰው ከዐሥር ሰው አንድ እንኳን አይሞላም። ጥያቄው ግን በሌላ ልብስ ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ቢራ የሚጠጣ ሰው ዕድሜው የደረሰ መሆን አለበት» በሚል ሕግ ሲቀርብ፣ ግሪግስና ኮክስ በ1982 እንዳሳዩት ከአራት ሰው ሦስቱ ያህል ይመልሰዋል። አሠልጣኙ ሕጉን «ዱቤ የወሰደ ሰው መታወቂያ ያስይዛል» ብለው ሲለውጡት ሁለቱ የመጋላ ነጋዴዎች ጥያቄው ተነብቦ ሳያልቅ መለሱ፦ ዱቤ የወሰደውንና መታወቂያ ያላስያዘውን እንፈትሻለን። ከመካከላቸው እናታችን የምትሆን አንዲት ሴት «ልጄ፣ ያስያዘውንማ ምን ብዬ እፈልገዋለሁ?» ብለው አሳቁን። የሎጂኩ አጥንት አንድ ነው፤ በአናባቢና በጎዶሎ ቁጥር ሲለብስ ያልታየው በዱቤ ሲለብስ ታየ።

ከዚህ በኋላ አሠልጣኙ ከመንገዱ ወጡ። አሌክሳንደር ሉሪያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኡዝቤኪስታን ገበሬዎችን ያነጋገረበትን ጥናት አነሡ። በሩቅ ሰሜን በረዶ ባለበት ድብ ሁሉ ነጭ ነው፤ ኖቫያ ዜምሊያ በሩቅ ሰሜን ነው፤ እዚያ ያሉት ድቦች ምን ዓይነት ቀለም አላቸው? ተብለው ሲጠየቁ ትምህርት ቤት ያልገቡት ገበሬዎች «እኔ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም» የሚል ዓይነት መልስ ይሰጡ ነበር። አሠልጣኙ ይህን «ያልተማረ ሰው በረቂቅ ማሰብ አይችልም» ለሚል ድምዳሜ ተጠቀሙበት። ይህን የተናገሩት እኚያ እናት የዱቤውን ጥያቄ ከመለሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መሆኑ አስገረመኝ። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል በላይቤሪያ በቫይ ሕዝብ መካከል ሠርተው በ1981 ያሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ባለው ጥያቄ ላይ ልዩነት የሚያመጣው ማንበብና መጻፍ ብቻውን ሳይሆን በትምህርት ቤት ማለፍ መሆኑን አመልክቷል። ትምህርት ቤት የሚያስተምረው አንዱ ነገር፣ የጠያቂውን ዓለም ለጊዜው እንደ እውነት ተቀብሎ በዚያ ውስጥ መጫወትን ነው። የኡዝቤኩ ገበሬ ጨዋታውን አልተቀበለም እንጂ ማሰብ አልተሳነውም። ያላየውን አልመሰክርም የሚል ሰው በእኛ ሽምግልናም ቢሆን የሚከበር ሰው ነው።

ስድስተኛውና ሰባተኛው ምሽት ስለ ቋንቋ ነበሩ፤ እኔም በጉጉት የጠበቅኳቸው እነዚህን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ልጅ ቤቱ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ አድሮ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአማርኛ ተጫውቶ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ይማራል። ለዚህ ርዕስ ከዚህ የተሻለ ከተማ ያለ አይመስለኝም። የስድስተኛው ምሽት መጀመሪያም ተስፋ ሰጪ ነበር። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ «በጉ ነገ ይበላል» ብለው ጻፉና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁን። በጉ ሣር ይበላል ወይስ በጉ ራሱ ይበላል? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢ ሁለቱንም ይዞ ከአካባቢው ቃል ይመርጣል፤ «ገና»ም «አለ»ም «ዋና»ም እንዲሁ ናቸው። በዕለት ተዕለት ንባባችን በየመስመሩ እንዲህ ያለ ትንሽ ችግር እየፈታን እንደምንሄድ በዚያ ምሽት አስተዋልኩ። ንባብ ድምፅን ከፊደል መልቀም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ዓረፍተ ነገር ማናችንንም ባላሳቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ቦታ የሚወራ ተረት ቀረበልን፤ ኤስኪሞዎች ለበረዶ በመቶ የሚቆጠሩ ቃላት እንዳሏቸውና ስለዚህም እኛ የማናየውን እንደሚያዩ። ይህ አባባል ሲቀባበሉት እያበጠ የሄደ መሆኑን የቋንቋ ምሁራን ካሳዩ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። የቋንቋ ተጽዕኖ ግን ባዶ ወሬ አይደለም። በሰሜን አውስትራሊያ የጉጉ ይሚዲር ቋንቋ ተናጋሪዎች ከግራና ከቀኝ ይልቅ በሰሜንና በደቡብ ስለሚናገሩ አቅጣጫን ሁልጊዜ በአእምሯቸው ይዘው ይገኛሉ። ሩስያኛ ለደማቅና ለፈዛዛ ሰማያዊ የተለያዩ ሁለት ቃላት ስላሉት፣ በ2007 በወጣ ጥናት ተናጋሪዎቹ ሁለቱን ቀለሞች ለመለየት በጥቂቱ ፈጠን ብለው ታይተዋል፤ ልዩነቱ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚለካ ነው። ቋንቋ ትኩረትን ወደ አንድ ወገን ይገፋል እንጂ ዓይን አይሰጥም፣ ዓይንም አይነሣም። ራሳችንን ብንመለከት ሰማያዊን ከሰማይ፣ ቡናማን ከቡና ወስደን ሰይመናል፤ ከስሙ በፊት የነበሩት አያቶቻችን የቡናን ቀለም አላዩም የሚል ሰው ግን አይኖርም።

ሰባተኛው ምሽት ላይ «ብዙ ቋንቋ የሚናገር ሰው አእምሮው የላቀ ነው» የሚል ምስጋና ለድሬዳዋ ልጆች ቀርቦ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም ለትንሽ ጊዜ አጨበጨብኩ። ነገር ግን ይህ ጉዳይ በባለሙያዎች መካከል የጋለ ክርክር ያለበት ነው፤ ኤለን ቢያሊስቶክና ባልደረቦቿ ሁለት ቋንቋ መናገር ትኩረትን ለመቆጣጠር እንደሚረዳ ለዓመታት ሲጽፉ፣ ኬኔት ፓፕና ሌሎች ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ባወጧቸው ሥራዎች ብልጫውን ሊያገኙት እንዳልቻሉ ገልጸዋል። እንዲህ ያለውን ክርክር መደበቅ ተማሪን ማሞኘት ነው። የተሻለው ነገር ሳይብራራ ታለፈ፤ ቦአዝ ኬሳርና ባልደረቦቹ በ2012 ሰዎች በሁለተኛ ቋንቋቸው ሲጠየቁ በአቀራረብ የመታለል ዝንባሌያቸው እንደሚቀንስ አሳይተዋል። «ከ600 ሰዎች 200 ይድናሉ» እና «ከ600 ሰዎች 400 ይሞታሉ» አንድ ነገር ሆነው ሳሉ ሰው በየተራ የተለያየ ውሳኔ እንደሚሰጥባቸው ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1981 አስታውቀው ነበር። በመጋላ በሦስት ቋንቋ ዋጋ የሚከራከር ነጋዴ ባለበት ክፍል ውስጥ ይህን በተግባር መሞከር እየተቻለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፍ ያሳዝናል።

ሌላም የጎደለ ነገር አለ። በስምንቱ ምሽት ውስጥ እንቆቅልሽ የሚባል ነገር አንድም ጊዜ አልተነሣም። ቮልፍጋንግ ከለር በቴነሪፍ ደሴት ቺምፓንዚዎችን ሲያጠና ሱልጣን የተባለው ቺምፓንዚ ሁለት ዘንጎችን ሰካክቶ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ሙዝ ወደ ራሱ እንደሳበ ተነግሮን፣ ይህም «ብልጭ የማለት» ምሳሌ ሆኖ ቀርቦልን ነበር። እኛ ግን ልጅ ሆነን «እንቆቅልሽ» ስንባል «ምን አውቅልሽ» ብለን፣ ካቃተን አገር ሰጥተን፣ መልሱ ሲነገረን «ለካ!» ያልነው ያንኑ ብልጭታ ነው። ሰምና ወርቅም እንዲሁ ነው፤ ሰሙን የያዘ አእምሮ ወርቁን ለማየት ያንኑ ቃል አፍርሶ እንደገና መሥራት አለበት፤ ይህም ሳጥኑን ከመያዣነቱ አላቅቆ መደርደሪያ ከማድረግ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው። በዕረፍት ሰዓት ከነርሷ ጋር «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» የሚለውን ስናነሣ፣ የደቻቱን ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ ብቻ የሚያውቅ የድሬ ልጅ መልሱ ውኃ መሆኑን በምን ይገምታል? ብላ ጠየቀችኝ። ከሰባተኛው ምሽት ሁሉ ይህች ጥያቄ በልጣብኛለች።

ስምንተኛውን ምሽት ባይኖር እመርጥ ነበር። ሠላሳ ጥያቄ ያለበት መጠይቅ ታደለንና «በዓይን የሚማር»፣ «በጆሮ የሚማር»፣ «በእጅ የሚማር» እየተባልን ተመደብን። ሰውን በሚወደው ስልት ማስተማር ውጤቱን እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ሃሮልድ ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 ጽሑፎቹን መርምረው አስታውቀዋል። ቀጥሎም ግራ አንጎል የሒሳብ፣ ቀኝ አንጎል የጥበብ ነው ተባለ። የንግግር ሥራ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ወደ ግራው ክፍል ማዘንበሉ ከፖል ብሮካ የ1860ዎቹ ሥራ ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ ሰውን በሙሉ «የግራ» እና «የቀኝ» ብሎ መክፈል ከዚያ የሚወጣ ነገር አይደለም። እጄን አንሥቼ ይህንኑ ስናገር አሠልጣኙ በትሕትና ካዳመጡ በኋላ መጠይቁ ከማዕከሉ የተሰጣቸው እንጂ የራሳቸው ምርጫ እንዳልሆነ ነገሩኝ። በዚህም አከብራቸዋለሁ። ማዕከሉ ግን ያንኑ መጠይቅ ለሁለተኛው ደረጃ ሥልጠና መመዝገቢያ ማባበያ አድርጎታል፤ «የአእምሮዎን ዓይነት አውቀዋል፤ አሁን ይጠቀሙበት» የሚል ወረቀት ከምስክር ወረቀቱ ጋር ተያይዞ ተሰጥቶናል። ዋጋው 4,500 ብር ነው።

የተሰጠን ጥራዝ 64 ገጽ ሲሆን ኅትመቱ ጥሩ ነው፤ ሥዕሎቹ ግን ከኢንተርኔት ተገልብጠው ጽሑፋቸው እንደደበዘዘ ቀርተዋል። የአማርኛው ጥራት እንደየምዕራፉ ይለያያል። አሠልጣኙ ራሳቸው የጻፏቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች በቀላሉ የሚነበቡ ናቸው፤ የቀሩት ግን የእንግሊዝኛ ቃላት በፊደላችን ተጽፈው የተደረደሩባቸው በመሆናቸው፣ እንግሊዝኛውን የማያውቅ ሰው አይረዳቸውም፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በእንግሊዝኛው ቢያነበው ይሻለዋል። ሻይና ውኃ በየምሽቱ ነበር። ክፍያውን በሁለት ጊዜ መክፈል ይፈቀዳል፤ አንድ ምሽት የቀረ ሰው ማካካሻ የለውም።

2,800 ብሩ አይቆጨኝም፤ ከስምንቱ ምሽቶች አራቱ፣ ማለትም አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው፣ ለብቻቸው ዋጋውን አውጥተውታል። መምህር ለሆነ ሰው እንዲመዘገብ እመክራለሁ፤ ስምንተኛውን ምሽት ግን ቤቱ ቢያርፍበት ይሻለዋል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ የምመዘገበው መጠይቁ ከተነሣና የቋንቋው ክፍል በከተማዋ ሕያው ቋንቋዎች ላይ ተመሥርቶ እንደገና ከተዘጋጀ ብቻ ነው፤ ይህንንም በአስተያየት መስጫው ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቻለሁ።

ወደ ጫልቱና ፋጡማ ልመለስ። ሉዊስና ሜየር በ1987 እንዳመለከቱት፣ «ያንሳል» የሚለው ቃል መቀነስን በሚጠራበት ጥያቄ ሰዎች በትክክል ሲመልሱ፣ ቃሉና የሚያስፈልገው ስሌት በሚቃረኑበት ጊዜ ይሳሳታሉ። በአማርኛ ደግሞ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ልጁ ወደ ስሌት ሲገባ ጆሮው ላይ የቀረው «ያንሳል» ነው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ይህ የራሴ ግምት ነው። ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ባለው ሳምንት ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ እንዲህ አደረግሁ፦ ማንም ብዕር ሳያነሣ፣ ቁጥሮቹን ደብቄ ታሪኩን ብቻ በእንግሊዝኛ አነበብኩና እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ቋንቋ ለጎኑ ጓደኛው እንዲተርክ ጠየቅሁ። ክፍሉ ለሁለት ደቂቃ መጋላን መሰለ። ከዚያ ቁጥሮቹን ሳልሰጥ ዝም ብዬ ቆምኩ። ከኋላ መቀመጫ አንዲት ልጅ እጇን አነሣችና «መምህር፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ብዙ ያላት ማናት?» አለችኝ።